ለድግስ ሲባል የሚታለፍ ክኒን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በደሴ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ይዟቸው ኢማቲኒብ የተባለውን ክኒን በየዕለቱ የሚወስዱ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ መጠጥ ነው፤ ጥያቄው የሚበዛውም በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት ነው። ብዙዎቹ ጠይቀው ከመምጣታቸው በፊት በራሳቸው የወሰኑት ነገር ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ውሳኔያቸው መጠጥ በሚቀምሱበት ዕለት ክኒኑን አለመዋጥ ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ፍላጅል ከአልኮል ጋር እንደማይስማማ አገር ያውቃል፤ ስለዚህ ማንኛውም ብርቱ መድኃኒት ከጠላ ጋር ከተገናኘ ሰውን ይጥላል የሚል ግምት ሰፍቷል። ኢማቲኒብ ግን በዚያ ዓይነት ከአልኮል ጋር ወዲያው የሚጋጭ መድኃኒት አይደለም። በዚህ በሽታ በመቅኔ ውስጥ ባለ ሴል 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና ነጭ የደም ሴሎች ያለ ገደብ እንዲራቡ የሚያደርግ ፕሮቲን ይፈጠራል። ክኒኑ ይህን ፕሮቲን የሚገታው በደም ውስጥ በበቂ መጠን እስካለ ድረስ ነው። ለሠርጉ አንድ ቀን፣ ለመልሱ አንድ ቀን፣ ለቅልቅሉ ደግሞ ሌላ ቀን እየተባለ ሲታለፍ በሽታው ፋታ ያገኛል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኒሎቲኒብ ወይም ዳሳቲኒብ ወደሚባሉ ሌሎች የዚሁ በሽታ መድኃኒቶች መሻገር ግድ ሊሆን ነው። መድኃኒቱን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመላለስ የወሎ ሰው በእጁ የያዘውን ክኒን ለአንድ ብርሌ ጠጅ ብሎ ማለፉ ከጠጁ ይልቅ ይጎዳዋል።

ይህን ስል ጠጡ ማለቴ አይደለም። ኢማቲኒብ የሚሰባበረው በጉበት ሲሆን፣ ራሱም አንዳንድ ጊዜ ጉበትን ስለሚያስቆጣ የጉበት የደም ምርመራ በየጊዜው ይታዘዛል። በአገራችን ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስ ሳያውቁት የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ያንቀላፋውን ቫይረስ ሊቀሰቅሱት ስለሚችሉ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ምርመራው መደረግ አለበት። እንዲህ ባለ ጉበት ላይ አረቄ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች ሊያንሱ ስለሚችሉ፣ ጨጓራን የሚልጥ መጠጥ የመድማትን አደጋ ያስከትላል። ክኒኑ ራሱ ማቅለሽለሽ ስላለው ከምግብ ጋርና በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚዋጠው፤ በመጠጥ የታወከ ሆድ ደግሞ መድኃኒቱን አብሮ ሊያስመልሰው ይችላል። በማግስቱ ለራስ ምታት ተብሎ በላይ በላዩ የሚዋጠው ፓራሲታሞልም ለዚያው ጉበት ሌላ ሸክም ነው። አረቄ በነጭ ሽንኩርት ደምን ያጠራል እያሉ በሽተኛን የሚመክሩ ሽማግሌዎች ቢኖሩም፣ ከአክብሮት ጋር፣ ምክራቸው ለዚህ በሽታ አይሆንም።

በእኛ በጤና ባለሙያዎች በኩልም ጉድለት አለ። «ትጠጣለህ?» ብለን እንጠይቃለን፤ በሽተኛው የሚያስወቅሰው መስሎት «አልጠጣም» ይላል፤ ካርዱም ይዘጋል። ወይም «ትንሽ ብቻ» ይላል። ትንሽ ምን ያህል ነው? ጠላ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ቅራሪና ጉሽ አንድ አይደሉም፤ ደረቅ አረቄ እስከ 45 በመቶ አልኮል ሊኖረው ስለሚችል አንድ መለኪያ ከአንድ ጣሳ ጠላ ጋር በግምት አይተካከልም። በመለኪያ፣ በብርሌና በጣሳ ጠይቀን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነም ጨምረን ብንመዘግብ፣ ሐኪሙ የጉበቱን ውጤት ሲያይ የሚፈርደው በእውነተኛ ነገር ላይ ይሆናል። ጉበቱ ደኅና የሆነ ሰው አልፎ አልፎ ጥቂት ቢቀምስ የሚፈቅዱ ሐኪሞች አሉ፤ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ፤ የሁለቱም ውሳኔ የሚጠቅመው በሽተኛው እውነቱን ሲናገር ነው።

ደጋሾችን በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ከጸደቀ ወዲህ፣ በአግባቡ የሚወስደው ሰው በበሽታው ያበጠው ጣፊያው ጎድሎ፣ ጉልበቱ ተመልሶ ሥራውን ይሠራል፤ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ስለዚህም «አፈር ስሆን አንድ ብቻ» ይባላል፤ እንቢ ካለ ቅያሜ ይመጣል። በወሎ ግን እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ድግስ ሲታደም ለእስላሙ ብርዝ ወይም ለስላሳ ማቅረብ የተለመደ ነው፤ አስተናጋጁም ለምን አልጠጣህም ብሎ አይጨቀጭቀውም። መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ከዚያው እንሥራ ብርዝ መቅዳት ምን ይከብዳል?

የጠጣ ሰው ቢኖር ክኒኑን በተለመደው ሰዓት ከምግብ ጋር ይውሰድ። ካስመለሰው በራሱ ፈቃድ አይድገም፤ በማግስቱም እጥፍ አይዋጥ፤ ሐኪሙን ወይም የመድኃኒት ባለሙያውን ይጠይቅ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ድግሱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከደሴ