ስለ አንዲት «አ» እና ስለ ቅድመ አያቴ ሥዕል

ለቅርስ ምዝገባ ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ይህን ደብዳቤ ለሁሉም እንዲነበብ አድርጌ የምጽፈው በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላጡ ነው። የት እንደቀሩ መመርመሩን ለሌላ ቀን ልተወው።

በአንድ ሙዚየም፣ ስሙ ይቆየኝ፣ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል። ልጇን ታቅፋለች፤ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ከእግሯ ሥር ነጠላውን ያደገደገ ሰው በግንባሩ ተደፍቷል። ከጎን የተለጠፈችው ካርድ የዚህን የተደፋ ሰው ስም ጠቅሳ «ሠዓሊ» ትለዋለች። ሰውየው ግን አሠሪው፣ ከፍሎ ያሣለው ነው። ሥዕሉን የሣለው የእናቴ አያት ነው ብለን እናምናለን። «እናምናለን» ያልኩት አውቄ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስሕተቱ የመጣው ከአንዲት ፊደል ነው። ከሥዕሉ ግርጌ «ዘአሥዐላ ለዛቲ ሥዕል» ይልና የሰውየው ስም ይከተላል። ግእዝ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው «ዘሠዐላ» ማለት የሣላት ነው፤ «ዘአሥዐላ» ግን ያሣላት። ካርዱን የጻፈው ባለሙያ «አ»ን ዘልሏት አለፈ፤ በዚያው ወጪውን የከፈለው ሰው ብሩሽ ጨበጠ። ደግሞ ከተደፋው ሰው ራስ በላይ «ተማኅፀነ በኪ» ተብሎ ያው ስም ተደግሟል። በየቤተ ክርስቲያኑ በዚህ ቃል የተጻፈ ስም የማን እንደሆነ የቆሎ ተማሪ ሳይቀር ይነግርዎታል፤ ሥዕሉን አሠርቶ ለደጁ ያበረከተው፣ አማልጂኝ ያለው ሰው ነው።

የሠዓሊው ስምስ? በቀኝ ጥግ፣ ከገብርኤል ጫማ በታች፣ ጎንበስ ካላሉ በማይታይ ደቂቅ ጽሕፈት «ጸልዩ በእንተ ሠዓሊሃ ገብረ» ይላል፤ «ስለ ሠዓሊዋ ስለ ገብረ... ጸልዩ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ረግፏል። ጨርቁ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲላጥ አብሮ የሄደ ይመስለኛል። የቅድመ አያቴ የክርስትና ስም በ«ገብረ» ይጀምራል። እርግጥ በአገራችን በ«ገብረ» የማይጀምር የክርስትና ስም ፈልጎ ማግኘቱ ነው የሚከብደው፤ ስለዚህ በዚህች ብቻ ፍረዱልን አልልም።

የስም ነገር መቼም አስቸጋሪ ነው። ቅድመ አያቴን ጎረቤት በአንድ ስም፣ ቤተ ክህነት በሌላ፣ ያሠሩት መኳንንት ደግሞ በማዕረጉ ብቻ ይጠሩት ነበር። ከቬኒስ መጥቶ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ በአገራችን የሣለው ኒኮሎ ብራንካሊዮን እንኳ እዚህ መርቆርዮስ ይባል ነበር፤ የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ ሁለቱንም ስሞች ባይጽፍልን ኖሮ ዛሬ ሁለት ሰው ይሆን ነበር። በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ያለችው ሥዕል ደግሞ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብን ዘመንና የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንን ስም ለየብቻ ስለጻፈች፣ ሊቃውንት ስም የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች ከእርሷ ጋር እያስተያዩ ለእርሱ ሰጥተዋል። አንድ በትክክል የተነበበ ስም ስንቱን ይጎትታል! የተሳሳተውም እንዲሁ ይጎትታል። ያ አሠሪ አሁን በሌላ ኤግዚቢሽን ካርድ ላይ የሁለተኛ ሥዕል «ሠዓሊ» ሆኖ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ «እናምናለን» ልመለስ።

ቤተሰብ ይሳሳታል። የኛም ተሳስቷል። በአጎቴ ሳሎን አንድ የአድዋ ጦርነት ሥዕል አለ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በደመና፣ የኛ ሰዎች ፊታቸውን ሙሉ፣ ጠላት በአንድ ዓይን። «የአባታችን እጅ» እየተባለ ነው ያደግነው፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነበር። አምና ለማጽዳት ከፍሬሙ አወጣነውና ጀርባውን ገለበጥኩት። አቡጀዲው ላይ የፋብሪካው ማኅተም ከነዓመቱ ደብዝዞ ይነበባል። ቅድመ አያቴ ከሞተ በኋላ የተሠራ ጨርቅ ነው። ምናልባት የደቀ መዝሙሩ ይሆናል፤ ጌታው በጥቁር መስመር እየነደፈ ተማሪዎቹ ቀለም ይሞሉ ስለነበር እጃቸው ቢመሳሰል አይገርምም። አጎቴ ግን እስካሁን አኩርፎኛል፤ «ዝም ብለህ አቧራውን አትጠርግም ነበር?» ነው የሚለኝ።

ይህን የማነሳው በራሴ ቤት ያልተቀበልኩትን ማስረጃ እርስዎ እንዲቀበሉኝ እንደማልጠይቅ እንዲያውቁልኝ ነው። የአያቴ ምስክርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። በእጃችን ያለው ግን የንድፍ ደብተሩ ነው። ቆዳ የለበሰ፣ ጠርዙ በጢስ የጠቆረ፣ በአንዳንዱ ቅጠል ላይ የቀለም ጣት ያረፈበት። በውስጡ ያችው እመቤታችን በቀለም ብዕር ተነድፋለች፤ የተደፋው ሰው አለ፤ ከሥሩ የዚያው አሠሪ ስም ተጽፎ «ተቀበልኩ፤ የቀረ አለ» ይላል። የቀረውን ከፍሎት ይሁን አይሁን ደብተሩ አይናገርም። ሌላም አለ፦ ቅድመ አያቴ በደብተሩ ሁሉ ሚካኤልን «ሚካኢል» ብሎ ነው የሚጽፈው። ሙዚየም ያለው ሥዕል ላይ ከመልአኩ ክንፍ አጠገብ የተጻፈውን ሄደው ይመልከቱ፤ «ሚካኢል» ነው።

ይህን ይዤ ስሄድ የተነገረኝ «የቤተሰብ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም» ነው። ምን ማስረጃ ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ወደ ሌላ ክፍል ተመራሁ፤ ያ ክፍል ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚቀበል ቅጽ የላቸውም፣ ቅጽ ከሌለ ደግሞ ጉዳይ የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል። እኛ ደብተሩን ለማስመዝገብ ዝግጁ ነን። እናንተም በበኩላችሁ በሥዕሉ መዝገብ ላይ «ሠዓሊ» ከሚለው ረድፍ ጎን «አሠሪ» የሚል ሌላ ረድፍ ክፈቱልን፤ ስሙ ከምን እንደተገኘም ይጻፍበት፤ ከሥዕሉ ላይ ከተጻፈው ነው፣ ከሰነድ ነው፣ ከአሣሣሉ ነው ወይስ ከቤተሰብ አፍ። መርምራችሁ ቅድመ አያቴ አይደለም ካላችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡን፤ አጎቴን ያስኮረፈ እውነት እኔንም ቢያስኮርፈኝ እችለዋለሁ። ምርመራው እስኪያልቅ ግን የአሠሪው ስም ከ«ሠዓሊ» ሥር ይነሳ። ለዚህ ምርመራ አያስፈልግም፤ «አ»ን ማንበብ ይበቃል።

ገንዘብ ፈልገው ነው የሚል ቢኖር፣ የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ለባለ ሥራው ወራሾች የሚሰጠው ጥበቃ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። የኛ ካለፈ ቆይቷል። ሥዕሉም የእኛ አይደለም፤ አንድ ቀንም የእኛ ሆኖ አያውቅም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ነበር። እንዴት ከዚያ ወጥቶ ሙዚየም እንደገባ ሌላ ደብዳቤ የሚፈልግ ነገር ነው፣ እኔም የምጽፈው ሰው አይደለሁም።

የቅድመ አያቴን ስም እዚህ ያልጠቀስኩት ባለሙያዎቻችሁ ሥዕሉንና ደብተሩን ጎን ለጎን አስቀምጠው ስሙን ራሳቸው እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው። ቀኑን ይወስኑልኝ፤ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ። ፎቶ አንሡት፣ ቅጠል በቅጠል ቁጠሩት፣ ቀኑን ሙሉ ከፈጀም አጠገቡ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ማታ ግን ይዤው እመለሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ሠዓሊ የልጅ ልጅ ልጅ