አበበን «ኰተተ» ያደረገው ትዕዛዝ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣው፣ በተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት የኮምፒውተር መስኮት) የሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የቆዩትን ትዕዛዞች ትተው እንደ ሪፕግሬፕ፣ ኤፍዲ፣ ባትና ኤግዛ ያሉትን አዲሶቹን እንዲይዙ የሚመክረው ጽሑፍ ለዛ ያለው ነበር፤ ሆኖም መሣሪያዎቹን የመዘነው በፍጥነታቸውና በውጤታቸው ቀለም ብቻ ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው «ሰ»ን እንደ አንድ ፊደል ያየዋል ወይስ እንደ ሦስት ቁርጥራጭ የሚለው ነው።

ፊደላችን የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት በቁጥር ወደሚለየው መስፈርት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቃል ፈላጊውን ግሬፕን የመሰሉት ትዕዛዞች ግን በ1970ዎቹ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ፣ ለእንግሊዝኛ ፊደል ታስበው የተጻፉ ናቸው። ዛሬ በአብዛኛው በምንጠቀምበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ (ዩኒኮድን በኮምፒውተር ማስቀመጫ ዘዴ) አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ ማለትም አንድ የመረጃ መለኪያ፣ ሲይዝ፣ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። (ግሬፕን የጻፈው ኬን ቶምሰን፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ከሮብ ፓይክ ጋር ሆኖ ዩቲኤፍ-8ንም የነደፈው ራሱ መሆኑ ያስገርማል።)

ይህ ልዩነት በእጄ ያደረሰውን ጥፋት ልንገራችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ስም ዝርዝር ውስጥ፣ አንዱ «ሠናይት» ሌላው «ሰናይት» እያለ የጻፈውን አንድ ወጥ ለማድረግ፣ ቲአር የተባለውን አሮጌ ትዕዛዝ «ሠ»ን በ«ሰ» እንዲተካ አዘዝኩት። ሠናይት በእርግጥ ሰናይት ሆነች። ነገር ግን አበበ «ኰተተ»፣ በለጠ «ተለጰ»፣ አስቴርም «ኰስቴር» ሆነው አገኘኋቸው። ምክንያቱን ስፈልግ፣ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ላይ የተለመደው፣ ጂኤንዩ የተባለው ፕሮጀክት ያዘጋጀው ቲአር የሚሠራው በባይት እንጂ በፊደል እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ መመሪያውም ሙሉ በሙሉ የሚደግፈው ባለ አንድ ባይት ፊደላትን ብቻ መሆኑን ሳይደብቅ ይናገራል። «ሠ» እና «ሰ» የሚለያዩት በሦስተኛው ባይት ብቻ ስለሆነ፣ ትዕዛዙ ያንን ባይት ባገኘበት ሁሉ ለወጠው፤ «አ»፣ «በ» እና «ጠ» ደግሞ የሚያልቁት በዚያው ባይት ነው። የመጀመሪያው ፋይል ቅጂ ባይኖረኝ ኖሮ ተለውጦ «ተ» የሆነውን «በ» ከነባሩ «ተ» የምለይበት መንገድ አልነበረም።

ይህን ያህል ስናገር ግን አሮጌ የሆነው ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። ያንኑ ሥራ ሴድ የተባለው፣ እንደ ቲአር ሁሉ የ1970ዎቹ የሆነ ትዕዛዝ ያለ ስሕተት ፈጸመልኝ፤ ሦስቱን ባይት እንደ አንድ ሐረግ ፈልጎ ይተካልና።

ፍለጋን በተመለከተ ከጽሑፉ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ። ግሬፕ አማርኛን በትክክል የሚያነበው የኮምፒውተሩ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 ሲሆን ነው፤ ቅንብሩ ባልተስተካከለበት ሰርቨር ላይ «ሰ.ም» ብላችሁ ብትፈልጉ፣ «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት የነበረባት ነጥብ የምትቆመው ለአንድ ባይት ብቻ ስለሆነ «ሰላም»ን አያገኝላችሁም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ፈላጊ ሪፕግሬፕ ግን ቅንብሩ ምንም ይሁን ምን ፊደልን በፊደልነቱ ያነባል። በዊንዶውስ ኖትፓድ «ዩኒኮድ» ተብለው የተቀመጡትን የቆዩ የአማርኛ ፋይሎችም፣ ግሬፕ ምንም የለም ብሎ የሚያልፋቸውን፣ ዩቲኤፍ-16 በተባለው ሌላ የዩኒኮድ አጻጻፍ የተጻፉ መሆናቸውን ከመጀመሪያዎቹ ባይቶች አውቆ ይፈልጋቸዋል። በየቢሮው የተከማቸውን ሰነድ ለሚያስብ ሰው ይህ ከፍጥነቱ ይበልጣል።

ጽሑፉ ሳይጠቅስ ያለፈው ግን አንድ አደገኛ ጠባይ አለው። ሪፕግሬፕ ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ድብቅ ፋይልና ጊት የተባለው የፕሮግራም ለውጥ መዝጋቢ ችላ እንዲላቸው የታዘዘውን ሁሉ ሳይናገር ይዘላል፤ ለፕሮግራም ጸሐፊ እረፍት የሆነው ይህ ዝምታ፣ ሰነድ ለሚያጣራ ሰው «የለም» የሚል የተሳሳተ መልስ ሊሆን ይችላል። ደግሞም አሮጌውም ሆነ አዲሱ «ዓለም»፣ «አለም» እና «ዐለም» አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም፤ አማራጮቹን በማዕዘን ቅንፍ («[ዓአዐ]ለም» ብሎ) ዘርዝሮ መጻፍ የፈላጊው ድርሻ ነው።

ስለ ቀሩት አጭር ላድርገው። በደንበኛ ሰርቨር ላይ አዲስ ፕሮግራም የመጫን ፈቃድ ብዙ ጊዜ የለንም፤ ግሬፕና ፋይል ፈላጊው ፋይንድ ግን የሌሉበት ሰርቨር እምብዛም አይገኝም። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ አዲሱ ፋይል ፈላጊ ኤፍዲ የሚጠራው «ኤፍዲፋይንድ»፣ የፋይል ይዘት አሳዩ ባት ደግሞ «ባትካት» ተብሎ ስለሆነ፣ የጽሑፋችሁን ትዕዛዝ እንዳለ የገለበጠ ጀማሪ መጫኑን ሊጠራጠር ይችላል። ያሞገሳችሁት የፋይል ዘርዛሪ ኤግዛም ቢሆን ጠባቂ አጥቶ፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራውን የቀጠለው ከእርሱ የተቀዳው ኢዛ ነው።

ስለዚህ ዓምዱ ወደፊት አንድን መሣሪያ ከመምከሩ በፊት አንድ የአማርኛ ፋይል ላይ እንዲሞክረው፣ ውጤቱንም አብሮ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለሙከራ ከተፈለገ «በለጠ አበበ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ