ስልሳ ልጅ በአንድ ጊዜ የማንወስድበት ምክንያት

ለትምህርት ቤቶች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ለወጣት ክበባትና ለወላጆች በሙሉ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

መስከረም ከጠባ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ለልጆች የሙዚየም ጉብኝት የሚደውልልን ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «አውቶቡሱ ስልሳ ሰው ይጭናል፤ እናንተ ለምን ሃያ ልጅ ብቻ ትላላችሁ?» አንዳንዶቻችሁ ዋጋ ለመጨመር የፈጠርነው ዘዴ መስሏችኋል። አንፈርድባችሁም። በስልክ ለየአንዳንዱ ከማስረዳት አንዴ ጽፈን ብንልክ ይሻላል ብለን ነው ይህን ደብዳቤ ያዘጋጀነው።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ዓምና 58 ተማሪዎች ይዘን መሀል ከተማ ወዳለ አንድ ትንሽ ሙዚየም ሄድን። ክፍሉ ጠባብ መሆኑን እናውቃለን። ግን ትምህርት ቤቱ «ልጆቹ አይለያዩ» አለ፤ እኛም እሺ አልን። አስጎብኚው ጉሮሮው እስኪደርቅ ተናገረ። ከፊት ያሉት አስሩ ሰሙት። ከኋላ ያሉት የጓደኞቻቸውን ጀርባ ሲያዩ ቆዩ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «እሺ፣ ምን አያችሁ?» ብለን ጠየቅን። አንዱ ልጅ «ደረጃውን» አለን። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ሳቅን፤ ማታ ግን ነገሩ አላስተኛንም። ወላጁ የከፈለው ለደረጃ አይደለማ።

አሠራራችንን የቀየርነው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቡድን ከ20 ልጅ አይበልጥም። በአንድ ቀን አንድ ሙዚየም ብቻ ይጎበኛል። ሰዓቱም ለእናንተ ቡድን ብቻ እንዲያዝ ከሙዚየሙ ጋር ቀድመን እንነጋገራለን። 40 ልጅ ያለው ትምህርት ቤት አንመልስም፤ ለሁለት እንከፍለዋለን። አንዱ ቡድን ውስጥ ሲሆን ሌላው ውጭ ሥራ ይሰጠዋል።

«በቀን አንድ» የሚለው እንዳላስደሰታችሁ እናውቃለን። ድሮ እኛም ጠዋት ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም፣ ከምሳ በኋላ መስቀል አደባባይ እንል ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቀን በኋላ ግን አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ በሪፖርቷ ድንቅነሽ የተገኘችው በንጉሡ መኝታ ቤት ውስጥ ነው ብላ ጻፈች። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለ ዕድሜ ናት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤት ያለው ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ሁለቱን በአንድ ጠዋት አጉርሰናት ስታበቃ፣ ተደባለቀባት ብለን ልንቆጣት አንችልም።

ስድስት ኪሎን ካነሳን አይቀር፣ «ውጭ ያለው ቡድን ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥሩ ምሳሌው እዚያ ነው። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ያሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ዛሬ ጫፉ ላይ የተቀመጠው የእኛው አንበሳ ነው። ውጭ የቀሩትን ልጆች «ቁጠሩና ስንት ዓመት እንደሆነ ንገሩን፤ አንበሳውን ማን፣ ለምን እዚያ ያስቀመጠው ይመስላችኋል?» እንላቸዋለን። ሃያ ደቂቃ እንደ ቀልድ ያልፋል። አሁን አንድ ልጅ «ደረጃውን አየሁ» ቢለን ደስ ይለናል።

ለትንንሾቹ፣ ማለትም ከ4ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ላሉት፣ ቀድመን የምንመክረው የፖስታ ሙዚየምን ነው። ለገሃር አካባቢ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ጋር ነው። ይህን ስንል ብዙ መምህራን «እሱ ደግሞ ምን አለው?» ይሉናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር ያልነው። አሁን ግን ከሁሉም የምንወደው እሱን ነው።

ምኒልክ የፖስታን ሥራ ያስጀመሩት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች 7 ዓይነት ናቸው፤ የታተሙትም ፓሪስ ነው። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ (የዚያ ዘመን ሳንቲም) ተነስቶ 16 ግርሽ ይደርሳል። በአራቱ ላይ የምኒልክ ፊት አለ፤ በሦስቱ ላይ አንበሳ። ልጆቹን «አንበሳው ያለው ርካሾቹ ላይ ነው ወይስ ውዶቹ ላይ?» ብለን እንለቃቸዋለን። (ውዶቹ ላይ ነው። እባካችሁ ቀድማችሁ አትንገሯቸው።) ከዚያ ወደሚያስገርማቸው ነገር እንሄዳለን። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የምኒልክ ቴምብር ብቻውን አያደርሰውም ነበር። በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮቹ ቴምብርም ይለጠፍበታል። ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መክፈል ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «ሮሚንግ ነዋ!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ እኛ የምንጨምረው ነገር የለም።

ጉብኝቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ደብዳቤ ጽፎ፣ ቴምብር ለጥፎ በእጁ ሳጥን ውስጥ ይከታል። አብዛኞቹ በሕይወታቸው ቴምብር ነክተው አያውቁም። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ገጥሞናል። መጀመሪያ ጊዜ ልጆቹ «ጎፋ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» እያሉ አድራሻ ጻፉ። እኛ አገር ፖስታ የሚደርሰው በአብዛኛው ፖስታ ሳጥን ላይ ነው፤ የብዙ ልጅ ቤት ደግሞ ሳጥን የለውም። ስለዚህ የትምህርት ቤታችሁን ፖ.ሳ.ቁ. ቀድማችሁ ላኩልን። ደብዳቤው እዚያ ይደርሳል፤ እናንተ ታድሏቸዋላችሁ። ቁልፉ የት እንደገባ የማይታወቅ ሳጥን ካላችሁም አሁኑኑ ፈልጉት። ሳቅ አይደለም፤ ደርሶብናል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። መስቀል አደባባይ ላይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ትንሽ ነው። በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ሊያስፈራችሁ አይገባም፤ ግን እንደ ሌላው ሙዚየም ቆጥራችሁ እንድትልኩብንም አንፈልግም። ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም እዚያ አለ። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፤ ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ የተማሪዎቻችሁ እኩዮች ናቸው። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ፎቶዎቹ ፊት ቆሞ «ዩኒፎርም ለብሰዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ቃል አልተነፈሰም።

ለዚህ ሙዚየም የተለየ ደንብ አለን። ከ9ኛ ክፍል በታች አንወስድም። ቡድኑ 15 ነው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ እንጠይቃለን። ምክንያቱ ቀላል ነው። በከተማችን ከዚያ ዘመን ቁስል የተረፈ ቤት ጥቂት ነው። አንዳንዱ ቤት ይወራል፤ አንዳንዱ ቤት ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው አያት ዛሬም አፋቸውን አይከፍቱም። ልጁ የአጎቱን ስም እዚያ ድንገት ከሚያገኘው ከእናንተ አፍ ቢሰማው ይሻላል። የቤተሰብ ታሪክ ካለ ለእኛም ሹክ በሉን፤ ለብቻችን እንይዘዋለን። በተጨማሪም የሚያስጎበኛቸው ሰው ራሱ ታስሮ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ትምህርት ቤታችሁ መጥተን ለአንድ ክፍለ ጊዜ እናነጋግራቸዋለን። ምን መጠየቅ ይቻላል፣ ምን ሲሆን ዝም ይባላል የሚለውን ማለታችን ነው።

ሲወጡ ወዲያው ምሳ አንበላም፤ አውቶቡስም አንገባም። አደባባዩ ደረጃ ላይ እንቀመጣለን። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ የተቃዋሚዎቻቸው ደም እንደሚፈስ ለማሳየት ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ የሰበሩት እዚሁ አደባባይ ላይ ነበር፤ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባላል። ልጆቹ ያንን ከሰሙ በኋላ በሩጫና በደመራ የሚያውቁትን ቦታ ዝም ብለው ያዩታል። ይህ ግማሽ ሰዓት በዋጋው ውስጥ አለ። ቆርጣችሁ እንዳትጥሉብን።

ቀሪው የአሠራር ጉዳይ ነው። ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ከጉብኝቱ ሁለት ሳምንት በፊት ይድረሰን፤ ያለ እሱ ቀን ማስያዝ ይከብደናል። የልጆቹ ቁጥርና የክፍል ደረጃ ይጻፍበት። ለ10 ልጅ አንድ መምህር ወይም ወላጅ አብሮ ይመጣል፤ ስልክ ሲያወራ የሚውል ሳይሆን ልጅ የሚይዝ። የመግቢያ ክፍያ ካለ በቀጥታ ለሙዚየሙ ይከፈላል፣ ደረሰኙም የእናንተ ነው። እኛ የምንወስደው የራሳችንን አገልግሎት ብቻ ነው። ፎቶ የሚከለከልበት ቦታ ስላለ አስጎብኚው እስኪፈቅድ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆያል።

መነሻችን ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ትልልቆቹን በቀላል ባቡር ብታመጧቸው ስታዲየም ወይም ለገሃር ጣቢያ ላይ እንቀበላቸዋለን፤ የአውቶቡስ ኪራይም ይቀርላችኋል። መስቀል አደባባይ ላይ ዝግጅት ባለ ቀን መንገድ ይዘጋል። ሙዚየሞችም ለእድሳት የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዋዜማው ሳንደውልላችሁ ከግቢያችሁ አትውጡ።

ስልሳውን ልጅ በአንድ ጊዜ ካላስጎበኛችሁልን የምትሉ ካላችሁ፣ ቅር ሳይለን ሌላ ድርጅት እንጠቁማችኋለን። የጥቅምት ቅዳሜዎች ተይዘዋል። የኅዳርን መመዝገብ የምንጀምረው ሰኞ ጠዋት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥራ አስኪያጅ