አዲስ ቤት፣ የስድስት ወር ቅድሚያ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሐዋሳ ውስጥ አዲስ የተሠራ ባለ አንድ መኝታ ቤት መከራየት መከራ ሆኗል። አቶቴ አካባቢ አንዱን አየሁ። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም፣ ቧንቧው ሲከፈት ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ቆጣሪውም የጋራ ነው። ይሁን ብዬ ልገባ ስል አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ካልከፈልሽ አይሆንም አለኝ፣ ደላላውም ኮሚሽኑን አስቀድሞ ጠየቀ። ደመወዝተኛ ይህን ከየት ያመጣል?

በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ እኮ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይጸናል ይላል። ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሚሠራ፣ የከተማችን አስተዳደር እዚህ እንዴት እንደሚተገበርና ውል የት እንደሚመዘገብ በግልጽ ይንገረን።

አንዲት ተከራይ፣ ከሐዋሳ