እንጀራዬን በክንዷ ስለለካችው ልጅ፦ ለካውንቲያችን ጤና ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለካውንቲያችን ጤና ቢሮ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ አጥቼ ሳይሆን ጎረቤቶቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

አምና ሁለተኛዋን አርግዤ ስኳር ተገኘብኝ፣ የእርግዝና ስኳር የሚሉት። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) ያለችው የምግብ ባለሙያ ምን ትበያለሽ አለችኝ፣ እንጀራ አልኳት፣ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ "ዳቦ ነገር ነው አይደል፣ ተይው" ብላ አንድ ወረቀት ሰጥታ አሰናበተችኝ። ወረቀቱ ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ ብሮኮሊና ኪንዋ አለ። ኪንዋ ግን እኮ የፔሩና የቦሊቪያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ተራራ ላይ እያመረተ የሚበላው እህል ነው፣ እዚህ ውድ ሱቅ ከገባ ወዲህ ጤናማ ተባለ፣ ቶርቲያ (የላቲኖቹ የበቆሎ ቂጣ) እና እንጀራ ገና ወረፋ ላይ ናቸው መሰለኝ። ሁለት ሳምንት እንጀራ ትቼ፣ ቀን እየራበኝ ማታ ብስኩት ላይ እየወደቅኩ፣ ስኳሬ ጭራሽ ባሰበት።

ከዛ ሌላ ቦታ ተላክሁና አንዲት የኤልሳልቫዶር ልጅ አገኘሁ፣ ገና የምግብ ባለሙያነት የምትለማመድ ኢንተርን ናት። እንጀራ ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ምጣዱ ምን ያህላል?" ብላ ነው፣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "ይሄን ያህል?" እያለች። የእናቷን ምጣድም በስልኳ አሳየችኝ፣ ኮማል ይሉታል፣ ጥቁር ክብ ብረት ሆኖ ቶርቲያና ፑፑሳ የሚሉት በውስጡ አይብ ወይ ባቄላ ያለው ቂጣ የሚጋገርበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ እንጀራ ይዘሽ ነይ አለችኝ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩላት፣ አራት አጥፋ ሩቡን ቀደደችና "በዚህ ጀምሪ፣ ምስሩንና ጎመኑን አብዢው፣ ከበላሽ 2 ሰዓት ሲሞላ ስኳርሽን ተለኪ"። ከ120 በታች መሆን ነበረበት፣ 114 አገኘሁ። በቃ ያን ቀን አለቀስኩ።

እናቷም ስኳር ይዟት ቶርቲያ አቁሚ ተብላ ነበር አሉ፣ ትምህርቱን የመረጠችው በሱ ነው። በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው አሳድረው ነው የሚፈጩት ስትለኝ እኔ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ በቆሎ ውስጥ የታሰረውን ኒያሲን የሚባል ቫይታሚን የሚፈታው እሱ ነው፣ ካልሲየምም ይጨምራል። በቆሎው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ደቡብ ስቴቶች ሲሄድ ዘዴው አብሮ ስላልሄደ ከበቆሎ ሌላ የማያገኘው ድሃ ይሄው ቫይታሚን ሲያንስ በሚመጣ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቀ። እኔም ስለ እርሾ ነገርኳት፣ ሊጡ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት (አይረኑን) አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል ብላ ያስረዳችኝ ራሷ ናት። እናቴ እኮ ይሄንን ስታደርግ ነው የኖረችው፣ ስሙን ሳታውቀው።

እንዲህ ያለ ሰው ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚሆን ልንገርዎት። ኢንሪችድ የሚባለው፣ ቫይታሚን የተጨመረበት የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ (የጽንሱን አከርካሪ ከችግር የሚጠብቅ ቫይታሚን) መጨመር ግዴታ የሆነው በ1998 ነው፣ የቶርቲያው ዱቄት ላይ ግን መጨመር የተፈቀደው በ2016፣ እሱም ለፈለገ ፋብሪካ (ዓመቶቹ ሁሉም በፈረንጅ ነው)። የላቲኖ እናቶች ልጆች ላይ የአከርካሪው ችግር በብዛት እንደሚታይ እየታወቀ 18 ዓመት ሙሉ! ካሊፎርኒያ በሕግ ግዴታ ያደረገችውም ከ2026 ጀምሮ ነው። ዊክም (ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን በምግብ የሚረዳው የመንግሥት ፕሮግራም) ቶርቲያ መስጠት የጀመረው 2009 አካባቢ ነው፣ በ2024ቱ ደንብ ደግሞ የኛ ጤፍ ተጨምሯል፣ ግን ከዝርዝሩ የሚመርጠው ስቴቱ ስለሆነ እርስዎም ድምጽዎን ቢያሰሙልን።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የተመዘገበ የምግብ ባለሙያ ለመሆን ቢያንስ 1,000 ሰዓት ልምምድ መሥራት አለባቸው፣ አብዛኛው ያለ ክፍያ ነው፣ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ አዲስ ገቢ ሆኖ ማስተርስ የሌለው ለሙያው ፈተና አይቀመጥም። እሷ ቀን እኛን ስታይ ውላ ማታ ሬስቶራንት ሰሃን ታነሳ ነበር፣ ሁለት ጓደኞቿ አልቻሉም፣ መሀል ላይ አቋረጡ። ከዛ እንደምንም ስትጨርስ ክፍት ቦታ የለም ተብላ ሄደች። አሁን ባለሙያዋም አስተርጓሚውም በስልክ ሆነዋል፣ ባለፈው አስተርጓሚው ሽሮን "ሾርባ" ብሎ ተርጉሞልኝ ሴትዮዋ ጨው ቀንሺ ስትለኝ ዋለች።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ለኢንተርኖቹ ደመወዝ ይመደብላቸው፣ ስፓኒሽም አማርኛም የሚችሉት ሲጨርሱ እዚሁ ይቀጠሩ፣ ያን ወረቀት ደግሞ ኮማልና ምጣድ የሚያውቅ ሰው እንደገና ይሥራው። ሕዝብ በሚናገርበት ስብሰባ መጥቼ ነበር የምለው፣ የሚሰጡን ደቂቃ አይበቃኝም። አማርኛውን የሚያነብልዎት ካጡ ያው በስልክ አስተርጓሚ አለ አይደል፣ ሽሮ ላይ ሲደርስ ብቻ ይጠንቀቁ።