ግልጽ ደብዳቤ፦ የሥራ ዘመንዎ ፎቶግራፎች ሳይመረጡ ወደ ቤተ መዛግብት ይግቡ

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ
ግልባጭ፦ ለከተማው ቤተ መዛግብት

ጉዳዩ፦ የፎቶግራፍ ማህደር ርክክብን ይመለከታል

ክቡር ከንቲባ፣

የሥራ ዘመንዎ ሊጠናቀቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከምክር ቤት አባልነትዎ ጀምሮ እስከ ዛሬ የተነሡትን ፎቶግራፎች አሰባስቦ፣ ከመካከላቸው የተመረጡትን ለቤተ መዛግብት ለማስረከብ መዘጋጀቱን በደስታ ሰምቻለሁ። ብዙ ሹማምንት ይህን ያህል እንኳ ሳያስቡበት ከወንበራቸው ስለሚነሡ፣ ሐሳቡ ምስጋና ይገባዋል። ደስታዬ ግን «የተመረጡትን» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ቃል ነው።

በሙያዬ የፎቶግራፍ መዝገብ አደራጅ ነኝ። አንድ ባለሥልጣን ከለቀቀ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣው ምን እንደሚመስል በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሽፋኑ ያማረ አልበም፣ በውስጡም ሪባን ሲቆረጥ፣ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ፣ የእንግዳ እጅ ሲጨበጥ የሚያሳዩ ጥቂት ደርዘን ሥዕሎች። የአንዱን ከንቲባ አልበም ከሌላው ጋር ቢያቀያይሩት፣ ፊቶቹን ካልተመለከቱ በቀር ልዩነቱን የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለው አልበም ለባለቤቱ ቤተሰብ ውድ ነው፤ የከተማዋን አስተዳደር ለማጥናት ለሚመጣ ሰው ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በፊልም ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው በአንድ ጥቅል እስከ 36 ጊዜ ያነሣ ነበር፤ ለጋዜጣ የሚወጣው አንዱ ሲሆን፣ ሠላሳ አምስቱ በኔጋቲቭነት ይቀራሉ። ዛሬ በዲጂታል ካሜራ በአንድ ስብሰባ ብቻ ብዙ መቶ ጊዜ ይነሣል። ያልወጡትን በቅደም ተከተላቸው የሚያይ ተመራማሪ፣ ከእጅ መጨባበጡ በፊት ማን ከማን ጋር ጥግ ይዞ ይነጋገር እንደነበር፣ አዳራሹ በንግግሩ መጀመሪያ ሞልቶ በመጨረሻው ምን ያህል እንደሳሳ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከአጠገብዎ የማይለየው አማካሪ በስንተኛው ዓመት ከሥዕሉ እንደጠፋ ያነባል። የመዝገብ ሙያ «የመጀመሪያ ሥርዓት» ብሎ የሚጠብቀው መርህ ከዚህ የመነጨ ነው፤ መዝገቡ በተፈጠረበት ቅደም ተከተል ካልቆየ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ከጎረቤቱ ተነጥሎ ምስክርነቱን ያጣል።

ለካሜራ ተብሎ የተዘጋጀ ሥዕል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1945 የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩት ፊዮሬሎ ላ ጓርድያ የቁማር ማሽኖችን በመዶሻ ሲሰባብሩ የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ጋዜጠኞች እንዲያዩት ሆን ተብሎ የተደረገ ትዕይንት ነው፤ ሆኖም ሰውዬው ሥልጣናቸውን ለሕዝብ እንዴት ሊያሳዩ እንደፈለጉ ከማንኛውም ንግግራቸው በላይ ይናገራል። ይህን ማለት የምንችለው ግን ያ ሥዕል ከሌሎቹ መካከል ስለሚገኝ ነው። በስማቸው በሚጠራው ኮሌጅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው ቤተ መዛግብት፣ የእሳቸውንና ከእሳቸው በኋላ የመጡ ከንቲባዎችን መዛግብት ጎን ለጎን ይዟል፤ ትዕይንቱ ትዕይንት መሆኑ የሚታወቀው ከደብዳቤውና ከዕለት ሥራው ሥዕል ጋር ሲነጻጸር ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ ጽሕፈት ቤትዎ አንድን ሰው ከታሪክ ለማጥፋት አስቦ ነው ብዬ አልጠረጥርም። ስታሊን በቦይ ዳር ሲራመዱ በተነሡት ፎቶግራፍ ላይ ከአጠገባቸው የነበረው የጸጥታ ኃላፊ ኒኮላይ ዬዦቭ፣ ከሥልጣን ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተገደለ በኋላ በሠዓሊ ብሩሽ ከሥዕሉ ተወግዶ በምትኩ ውኃ ተስሏል። ያን ለማድረግ የሠለጠነ እጅና ብዙ ሰዓት አስፈልጎ ነበር። ዛሬ ግን ቅን የሆነ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ «ይሄ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ይሄ ደግሞ ከአሁን ወዲያ ከማይፈለግ ሰው ጋር ነው» እያለ በአንድ ቀን ከሰዓት ውስጥ የበለጠ ያጠፋል፤ የብሩሽ ምልክት እንኳ አይተውም።

የባለቤትነቱ ጉዳይም ግልጽ መሆን አለበት። በከተማው ደመወዝ የሚከፈለው ፎቶግራፍ አንሺ፣ በከተማው ካሜራ፣ በሥራ ሰዓት ያነሣው ሥዕል የመንግሥት መዝገብ ነው፤ ከንቲባው በሥዕሉ መካከል መቆማቸው የግል ንብረታቸው አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዶልፍ ጁሊያኒ ሥልጣን ሲለቁ፣ የዘመናቸው መዛግብት በስምምነት በስማቸው ለተቋቋመ የግል ማዕከል መሰጠታቸው በታሪክ ተመራማሪዎችና በመዝገብ ባለሙያዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ያስነሣው በዚሁ ነጥብ ነው፤ ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነው ባለጉዳዩ ራሱ ከሆነ፣ ማህደሩ መታመን ያቆማል። በሌላ በኩል፣ በምርጫ ዘመቻ ወቅት ፓርቲዎ ወይም ደጋፊዎችዎ ያነሧቸው ሥዕሎች የከተማው አይደሉም። እነሱን በስጦታ ውል መስጠት ይቻላል፤ ውሉም የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ቤተ መዛግብቱ ሥዕሉን ይዞ ለማንም ማተም ሳይችል ይቀራል። ሁለቱ እንዳይደባለቁ ከአሁኑ በየሳጥናቸው ቢለዩ መልካም ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ እሱም የስም ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተረከብኩት ሳጥን ውስጥ ከሺህ በላይ ሕትመት ነበረ፤ በጀርባቸው ላይ የተጻፈው «ጉብኝት»፣ «ስብሰባ»፣ አንዳንዴም «ክቡርነታቸው ከነዋሪዎች ጋር» ብቻ ነበር። ክቡርነታቸውን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፤ ነዋሪዎቹን ግን ማንም አያውቃቸውም። ለጉዳዩ ስንት ዓመት የተሟገቱት እናት፣ ቧንቧው እንዲገባ ፊርማ ያሰባሰበው ወጣት፣ ካርታውን የዘረጋው መሐንዲስ፣ ሁሉም ከስማቸው ተለይተው ለዘለዓለም «ነዋሪዎች» ሆነው ቀርተዋል። አንድ ጡረተኛ የፕሮቶኮል ሠራተኛ ከእኔ ጋር ጥቂት ቀናት ተቀምጠው ወደ ሁለት መቶ ለሚሆኑት ስም ሰጡልኝ፤ ለቀጣዩ ሳምንት ተቀጣጥረን ሳለ ታመሙ፤ ሥራውም በዚያው ቀረ። የፎቶግራፍ ማህደር ከወረቀት ማህደር የሚለየው በዚህ ነው፤ ደብዳቤ ጸሐፊውንና ቀኑን በራሱ ይናገራል፣ ሥዕል ግን አስታዋሽ ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ በሥልጣን ላይ ባሉበት በእነዚህ ወራት፣ ፎቶግራፍ አንሺዎ፣ የፕሮቶኮል ሠራተኞችዎ፣ ሾፌርዎ ጭምር (ሾፌር ቦታና ቀን አይረሳም) ከሥዕሎቹ ፊት እንዲቀመጡ ያድርጉ። የዕለት ቀጠሮ መዝገብዎ ከሥዕሎቹ ጋር አብሮ ይግባ፤ በዲጂታል ፋይል ውስጥ የሚመዘገበው የካሜራ ሰዓት ከቀጠሮው ጋር ከተገናኘ የብዙዎቹ ቀንና ቦታ ያለ ብዙ ድካም ይታወቃል። ስምና መግለጫው ደግሞ በተለየ ወረቀት ብቻ ሳይሆን፣ የዜና ድርጅቶች በሚጠቀሙበት አይ.ፒ.ቲ.ሲ. በተባለው ሥርዓት በፋይሉ ውስጥ ይጻፍ።

ስለ አያያዙ በአጭሩ። የቀድሞዎቹ ዓመታት ኔጋቲቮች የኮምጣጤ ሽታ ከጀመራቸው የአሴቴት ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነውና፣ ከሌሎቹ ተለይተው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይግቡ። ከፊልሞቹ ይልቅ የምፈራው ግን እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ላሉት የመጀመሪያዎቹ የዲጂታል ዓመታት ነው፤ የዚያ ዘመን ሥዕሎች በሲዲ ላይ ተገልብጠው መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል፣ ብዙዎቹም ዛሬ አይነበቡም። ከማኅበራዊ ሚዲያ ገጽዎ የወረደ ቅጂ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ እነዚያ ገጾች ሥዕሉን ያሳንሱታል፣ በውስጡ የተጻፈውንም መረጃ ብዙ ጊዜ ያወጡታል። ከካሜራው የወጣው ዋናው ፋይል ራሱ መምጣት አለበት።

አማካሪዎችዎ የሚያነሡት አንድ ተገቢ ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ። በሆስፒታል አልጋ ላይ የተጎበኘ በሽተኛ፣ በአደጋ ቤቱ የፈረሰበት አባወራ፣ በትምህርት ቤት ጉብኝት የተነሡ ሕፃናት ፊታቸው ለማንም እንዲታይ አልፈቀዱም። መፍትሔው ግን ሥዕሉን ማስወገድ አይደለም፤ ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶ ማቆየት ነው፤ የተዘጋው ነገር መኖሩም በዝርዝሩ ላይ ይመዘገባል። ይኸው አሠራር ለፖለቲካ ለሚያስቸግሩ ሥዕሎችም ሊያገለግል ይችላል፤ ሃያ ዓመት የተዘጋ ሳጥን ከተቃጠለ ሳጥን በእጅጉ ይሻላል።

የቺካጎ ከንቲባ ሃሮልድ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1987 በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ሳሉ በድንገት ሲያርፉ፣ ከኋላቸው የሚቀረውን ለመምረጥ ጊዜ አልነበራቸውም። መዛግብታቸውና ፎቶግራፎቻቸው ዛሬ እ.ኤ.አ. በ1991 በስማቸው በተከፈተው የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እርስዎ ግን ጊዜ አለዎት፤ ያ ጊዜ ለመምረጥ ሳይሆን ስም ለመጻፍ እንዲውል ነው ልመናዬ።

ስለሆነም ከርክክቡ ቀን በፊት ምንም ዓይነት ፋይል እንዳይሰረዝ የሚያዝ አጭር የውስጥ ደብዳቤ እንዲፈርሙ፣ የቤተ መዛግብቱ ሁለት ሠራተኞችም በሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ ገብተው ሥራውን እንዲጀምሩ እንዲፈቅዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አልበሙም ቢዘጋጅ ተቃውሞ የለኝም፤ ከሳጥኖቹ በላይ ይቀመጥ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፎቶግራፍ መዝገብ አደራጅ