የለመድነውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ስለቀየረው አፕዴታችሁ የቀረበ ቅሬታ

ሰላም ለእናንተ፣

ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው የዲዛይን ሶፍትዌሩን ለምትሰሩትና አፕዴቱ መቼ እንደሚለቀቅ ለምትወስኑት ሰዎች ነው። ለደንበኞች አገልግሎት ክፍላችሁ ሁለቴ ጽፌ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ የደረሰኝ መልስ አንድ አይነት ነው፣ «አዲሱን ገጽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምዱታል» የሚል። አሁን ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። አንዳንዱን እውነትም ለምጄዋለሁ፣ አንዳንዱን ግን መልመድ ያለብኝ አይመስለኝም፣ ለዛ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍላችሁ።

ሶፍትዌራችሁን 11 ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። እንጀራዬ ነው፣ ጠዋት የምከፍተው እሱን ነው ማታ የምዘጋውም እሱን ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ የሚከፋኝ ሰው አይደለሁም፣ ስንቱን ቨርዥን አብሬያችሁ ተሻግሬያለሁ። ያሁኑ ግን ከእስከዛሬው ይለያል። ማክሰኞ ማታ ስራዬን ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ፣ ረቡዕ ጠዋት ስከፍት አፕዴቱ ራሱን በራሱ ጭኖ ጨርሶ ጠበቀኝ። ግራ ጠርዝ ላይ የነበረው ቱልባር ተነስቶ ከስር መሀል ላይ ተንሳፍፏል፣ በቀኝ በኩል የነበሩት የከለርና የሌየር (ስራው የሚደራረብባቸው ንብርብሮች) ፓነሎች ተጣጥፈው ምንም ጽሁፍ የሌላቸው ትንንሽ አይከኖች ሆነዋል፣ ከላይ የነበረው ሜኑ ደሞ ጭራሽ የለም፣ ሶስት መስመር ያለባት አንዲት ምልክት ውስጥ ገብቷል። በዛው ሳምንት ኦፐሬቲንግ ሲስተሜም አፕዴት አድርጎ ሴቲንጉን ሁሉ ከቦታው አንስቶት ስለነበር የቱ ለውጥ የማን እንደሆነ ለመለየት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከሁሉ በላይ የጎዳኝን ግን ልንገራችሁ። ድሮ አንድን ነገር ቅርጹን ሳያጣ ለማሳደግ ወይ ለማሳነስ ሺፍት ተጭነን ጥጉን ይዘን ነበር የምንጎትተው፣ ያለ ሺፍት ከጎተትነው ይለጠጣል። አሁን ገልብጣችሁታል፣ ዝም ብሎ መጎተት ቅርጹን ይጠብቃል፣ ሺፍት ከተጫንን ይለጠጣል። ለጀማሪ ይሄ ይቀለዋል ብትሉኝ አልከራከርም። የኔ ትንሿ ጣት ግን 11 ዓመት ሙሉ ሺፍት ላይ ነው የኖረችው፣ ሳላዛት ሄዳ ነው የምትጫነው። በዛች ረቡዕ ባለ 16 ገጽ ብሮሹር ከሰዓት ወደ ማተሚያ ቤት መላክ ነበረብኝ፣ በየገጹ ጥግ ላይ የደንበኛዬ ክብ ሎጎ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሎጎውን ትንሽ ላሳንሰው ብዬ እንደለመድኩት ሺፍት ይዤ ጎተትኩት፣ ወርዱ ከቁመቱ በትንሹ በለጠ። በጣም ትንሽ ስለሆነ ዓይኔ አልያዘውም፣ እሱኑ ኮፒ አድርጌ ሌሎቹ ገጾች ላይ ለጠፍኩት፣ ፒዲኤፉን ኤክስፖርት አድርጌ ላክሁ። ያየችው ደንበኛዬ ናት፣ ታትሞ ካለቀ በኋላ። ብሮሹሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ ቢዝነስ ካርዷን አወጣችና ጎኑ አስቀመጠችው፣ ከዛ ቀና ብላ «ይሄ ክብ ነው?» አለችኝ። ክብ አልነበረም። ሙሉ ህትመቱን በራሴ ወጪ አስደገምኩ። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፣ እሷ ግን ከዛ በኋላ የምልክላትን ስራ ሁሉ በማስመሪያ እየለካች ነው የምትቀበለኝ፣ ስንት ዓመት የሰራሁላት ሰው።

ስህተቱ የኔ ነው፣ ቼክ ማድረግ ነበረብኝ፣ ይሄን አልክድም። ነገር ግን ያንን ቀን ፕሮግራሙ ሲከፈት አንድ መስመር፣ «የሺፍት አሰራር ተቀይሯል» የምትል አንዲት መስመር ብታሳዩኝ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ያሳያችሁኝ ስለ አዲሱ ከለርና ስለ ክብ ክብ ጥጎቹ የሚያወራ አኒሜሽን ነው። የሺፍቱን ነገር ያገኘሁት ከሶስት ቀን በኋላ ረጅሙ የአፕዴት ማስታወሻችሁ መጨረሻ አካባቢ «ሌሎች ማሻሻያዎች» ከሚለው ስር ነው።

እኛ እኮ ቱሎቻችሁን በዓይን እየፈለግን አይደለም የምንሰራው። ዓይናችን ስራው ላይ ነው፣ መንገዱን የሚያውቀው እጃችን ነው። አንድ ሰው ሌየር የምትቆልፈው በየትኛው ቁልፍ ነው ብሎ ቢጠይቀኝ አፌን ሞልቼ መመለስ አልችልም፣ ኪቦርዱ ላይ እጄን አድርጌ ጣቶቼ የት እንደሚሄዱ አይቼ ነው የምነግረው። ይሄ እውቀት በአንድ ቀን አልመጣም፣ እናንተም አልሰጣችሁኝም፣ በየሌሊቱ ቁጭ ብዬ በሺዎች ጊዜ ደጋግሜ ያመጣሁት የራሴ ንብረት ነው። በተኑን ከቦታው ስታነሱት የምታነሱት በተኑን ብቻ አይደለም።

ስለ ተንሳፋፊው ቱልባር ደሞ። ፖል ፊትስ የሚባል የሳይኮሎጂ ባለሙያ በ1954 ያሳየው ነገር አለ፣ እጅ አንድ ኢላማ ጋር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በርቀቱና በኢላማው ስፋት ይወሰናል የሚል፣ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ ብዬ አስባለሁ። የስክሪን ጠርዝ ለዚህ ነው ትልቅ ዋጋ ያለው፣ ማውሱን የቱንም ያህል በኃይል ብንገፋው ጠርዙ ጋር ይቆማል፣ አያልፍም፣ ስለዚህ ጠርዝ ላይ ያለ በተን ሳናነጣጥር እናገኘዋለን። እናንተ ያንን ጠርዝ ባዶ ትታችሁ ቱልባሩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አየር ላይ አስቀመጣችሁት። ያምራል፣ ጥላም አለው፣ ግን አሁን በየክሊኩ ማነጣጠር አለብኝ። አልፌ ከስሩ ያለችው ቀጭን ክፍተት ላይ ክሊክ ካደረግኩ ደሞ መርጬ የያዝኩት ነገር ሁሉ ይለቅብኛል፣ ሃያ ሰላሳ ነገር አንድ በአንድ የመረጥኩት ሊሆን ይችላል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ፊግማ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም በ2024 አዲሱን ገጽታውን ሲያስተዋውቅ ፓነሎቹን እንደዚሁ አንሳፍፎ ነበር፣ ተጠቃሚዎቹ አልተመቸንም ሲሉት በዛው ዓመት መልሶ ከጠርዝ ጋር አያያዛቸው። መመለስ ይቻላል ማለት ነው፣ የሚያሳፍር ነገርም የለውም።

እንዲያውም እናንተ ያደረጋችሁትን ሁሉ ከእናንተ በፊት ሌሎች አድርገውት መልሱን አግኝተውታል። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ 8 ላይ የስታርት በተኑን አወጣው፣ በ2013 በ8.1 በተኑን መለሰ፣ በ2015 ዊንዶውስ 10 ላይ ሜኑውንም መለሰ። አፕል በ2011 ፋይናል ከት ፕሮ ቴን የሚባለውን የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ሲለቅ የድሮውን ፕሮጀክት የማይከፍት ሆኖ ኤዲተሮቹ ጮሁ፣ የድሮውን ቨርዥን ለጊዜው እንደገና ለመሸጥ ተገደደ። ይሄንኑ የሺፍት ጉዳይ ራሱ ፎቶሾፕ በኦክቶበር 2018 ገልብጦት ብዙ ሰው ተማሮ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት ግን የድሮውን አሰራር የሚመልስ አንድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ፕሪፈረንስ ውስጥ አስገባ። አንድ ሳጥን ናት! የሚፈልግ ምልክት ያደርጋል የማይፈልግ ይተዋል።

በትክክል የሰራውን ልጥቀስ ካልኩ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ፕሮግራም ነው የምጠቅሰው። ለዓመታት ነገር የሚመረጠው በራይት ክሊክ ነበር፣ ጁላይ 2019 ላይ 2.80ን ሲለቁ ወደ ሌፍት ክሊክ ቀየሩት፣ ከሺፍት የማይተናነስ ለውጥ ነው። ግን ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት ራሱ ይጠይቃል፣ በግራ ነው በቀኝ መምረጥ የሚፈልጉት ብሎ፣ የድሮውን ሾርትከትም እንዳለ አስቀምጦታል። ነባሩም አልተጎዳም አዲሱም አልተቸገረ። እኔ የምጠይቃችሁ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

አይከኖቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ ለራሴ ብቻ አይደለም። አብሮኝ የሚሰራ ጋሼ የምለው ታላቄ አለ፣ ስራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አቀማመጥና ፊደል አመራረጥ ላይ እስካሁን የሚደርስበት አላየሁም። ዓይኑ ደከም ብሏል። ድሮ አይከኑ ከለር ነበረው ጎኑም ጽሁፍ ነበረ፣ አሁን ሁሉም ግራጫ ላይ ግራጫ ነው። ባለፈው ሳምንት ከኋላው ቆሜ ሳየው ማውሱን አንዱ አይከን ላይ ያደርግና ስሙ ብቅ እስኪል ይጠብቃል፣ አይደለም፣ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፣ ይጠብቃል፣ እንደዛ እያለ አምስተኛው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና «ተወው አንተ ስራልኝ» አለኝ። ይሄን ቃል ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ማታ ቤት ገብቼ የአይከኑንና የጀርባውን ከለር ወስጄ ንጽጽሩን፣ ማለትም በብርሃን ምን ያህል እንደሚለያዩ፣ ለካሁት፣ 2.1 ለ 1 ነው። የዌብ ስታንዳርድ የሚያወጣው ድርጅት ደብልዩ3ሲ በ2018 ያወጣው የተደራሽነት መመሪያ እንዲህ ላሉ ምልክቶች ቢያንስ 3 ለ 1፣ ለመደበኛ ጽሁፍ ደሞ 4.5 ለ 1 ነው የሚለው። መመሪያው ለዌብ የወጣ ነው አውቃለሁ፣ የሰው ዓይን ግን ዌብ ላይም ሶፍትዌር ላይም ያው ዓይን ነው።

አፕዴቱ ከመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሺ ወደ ድሮው ልመለስ ብዬ ነበር። የድሮውን ቨርዥን አውርጄ ጫንኩት፣ ተጫነ፣ ደስ አለኝ። ከዛ በሁለቱ ሳምንት የሰራኋቸውን ፋይሎች ስከፍት «ይህ ፋይል በአዲስ ቨርዥን የተሰራ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ወይ የሁለት ሳምንት ስራዬን ወይ የእጄን ልማድ መምረጥ ነበረብኝ፣ ደንበኛ የሚጠብቀው ስራውን ስለሆነ ስራዬን መረጥኩ። ማተሚያ ቤቱ ደሞ ገና አፕዴት ስላላደረገ ኦሪጅናል ፋይል ሲጠይቁኝ መላክ አልችልም፣ ለድሮ ቨርዥን ሴቭ ማድረጊያው ነበረ፣ አሁን የት እንዳስገባችሁት ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ኤክስፖርት ውስጥ ሶስተኛው ንዑስ ሜኑ ላይ ነው።

ለእውነቱ ጥሩ ነገርም ሰርታችኋል። ሌየር በስም መፈለጊያው ሰዓት ነው የሚያተርፍልኝ፣ ትልልቅ ፋይሎችም በፊት ሲከፈቱ ሻይ ጠጥቶ መምጣት ያስችል የነበረው አሁን ወዲያው ይከፈታሉ። ይሄን የሰሩትን ልጆች አመስግኑልኝ ከልቤ ነው። እነዚህ ግን ማንም ሰው የሚያውቀውን ሳይነጥቁት የመጡ ለውጦች ናቸው፣ ልዩነቱ እዚህ ጋር ነው።

የምጠይቀው እንዲህ ነው። የሺፍትን የድሮ አሰራር መመለሻ ምርጫ አስገቡልን፣ ቱልባሩን ወደ ጠርዝ ጎትተን እንድናስቀምጠው ፍቀዱልን፣ አይከኖቹ ጎን ጽሁፍ ማብሪያ ይኑርና ከለሩንም አድምቁት። ከዚህ በኋላ ደሞ ትልልቅ የገጽታ ለውጥ ያለበትን አፕዴት ሳትጠይቁን አትጫኑብን፣ የሴኪዩሪቲውን ለብቻው ላኩት እሱን በደስታ እንቀበላለን፣ የገጽታውን ግን እጃችን ላይ ያለውን ስራ ጨርሰን ዴድላይን በሌለብን ሳምንት እኛ መርጠን እንጫነው። እጅ የሚያውቀውን ሾርትከት ከነካችሁ ደሞ ፕሮግራሙ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ይሁን፣ አኒሜሽኑ ከዛ በኋላ ይምጣ።

የአራት ደቂቃ የስክሪን ቅጂ አያይዣለሁ። አንድ ቀላል ፖስተር በድሮውና በአዲሱ ቨርዥን ስሰራ ነው፣ ቱልባሩን የሳትኩበት ቦታ ላይ ሁሉ ቀይ ምልክት አድርጌበታለሁ። የተለጠጠውንም ሎጎ ከኦሪጅናሉ ጋር ደርቤ አብሬ ልኬላችኋለሁ። ሳብስክሪፕሽኔ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ይታደሳል፣ ከዛ በፊት ቅጂውን እስከመጨረሻው ያየ ሰው መልስ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
ሶፍትዌራችሁን በየቀኑ የምጠቀም ግራፊክ ዲዛይነር